ከጫፍ ጀምረው የፈቱ፦ የወይዘሮ መስኡዳ ሀሚዱ የሕይወት ታሪክ (ከ1952 እስከ 2016 ዓ.ም.)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ወይዘሮ መስኡዳ ሀሚዱ ከአባታቸው ከአቶ ሀሚዱ ይማም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዑምኩልሱም ኡስማን በ1952 ዓ.ም. ገደማ በአምባሰል፣ ከግሸን ግርጌ ባለች መንደር ተወለዱ። «ገደማ» የተባለው ቀኑን የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው። ሲጠየቁ «አንበጣው በሄደ በዓመቱ» ይሉ ነበር። ለመታወቂያ ቀበሌ ሲሄዱ የሚጽፈው ልጅ በዚህ አልረካም፤ «በቃ መስከረም አንድ ይሁንልዎት እማማ» ብሎ ሞላላቸው። እሳቸውም «ይሁን፣ ከአዲስ ዓመት ጋር መወለድ ምን ይከፋል» ብለው ፈርመው ወጡ።

በመንደራቸው ሼህ ዘንድ ሁለት ዓመት ቁርአን ቀርተዋል። ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። በ1966 ዓ.ም. እናታቸው በረሃብ ሲሞቱባቸው አባታቸው እጃቸውን ይዘው በእግር ወደ ሐይቅ ከተማ አመጧቸውና በራሳቸው እህት በወይዘሮ አሚናት ቤት ለጥቂት ቀን አስቀመጧቸው። ጥቂቱ ቀን ሃምሳ ዓመት ሆነ። ማንበብና መጻፍ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ የምስክር ወረቀታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ከአልጋቸው በላይ ተሰቅሎ ነበር። የመንግሥት ወረቀት ሁሉ ሲጠፋ ያ ወረቀት አለመጥፋቱ የሚገርም ነው።

አክስታቸው ወይዘሮ አሚናት ሹሩባ ሠሪ ነበሩ። ለመስኡዳ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ፀጉር መክፈያውን ወስፌ አላስያዟቸውም። አንድም ራስ አልጎነጎኑም፤ የሌላውን ጉንጉን ሲፈቱ ብቻ ከረሙ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቿ ውሃ ዳር ሲጫወቱ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ቋጠሮ ስትፈታ መዋል ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ማሰብ ነው። ሲያለቅሱ አክስታቸው «የጎነጎነ ሁሉ መፍታት የሚችል ይመስልሻል? ዝም ብለሽ ፍቺ» ይሏቸው ነበር። ወይዘሮ መስኡዳ ይህችን ንግግር በኋላ ዘመናቸው ደጋግመው ያነሷት ነበር፤ ምክንያቷ ወደፊት ይገለጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። የሴት ልጅ ፀጉር በድንኳን ይወራል ወይ ብለው ከዕድራችን ከቅሬው ሽማግሌዎች አንዱ ቅር ብሏቸዋል። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሬሳ ያጠበ ሰው ያየውን ሸጋ ነገር ቢናገር ነውር እንደሌለው የመስጊዱ ሼህ ተናግረዋል። ልጃቸው ራህማም «የእናቴ ሥራ ፀጉር ነው፤ እሱን ትተህ ምን ልትጽፍ ነው?» ስላለች ጸሐፊው ተሸንፏል። ጸሐፊው በቤታቸው ያደገው የወንድማቸው ልጅ ሰላሀዲን ነው። ሦስት ቀን እንቅልፍ ስላላየ ስህተት ቢገኝ ይለፉት።

በ1974 ዓ.ም. ከሐይቅ ዓሣ ያወጡ ከነበሩት ከአቶ አብዱልመናን ሙሐመድሁሴን ጋር በኒካሕ ተጣመሩ። በ1977 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን ሙነወርን፣ ብዙ ጠብቀውና ብዙ ዱዓ አስደርገው ደግሞ በ1984 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን ራህማን ወለዱ። አቶ አብዱልመናን በ2000 ዓ.ም. በሕመም ሲለዩ ለልጃቸው የተዉላት ትልቁ ነገር ፀጉር ነበር። ሉጫ ያልሆነ፣ ከርዳዳም ያልሆነ፣ እየታጠፈና እየተጠማዘዘ እስከ ወገብ የሚወርድ ዞማ ፀጉር። ያየው ሁሉ «ማሻአላህ» ይላል። የሚያበጥረው ሰው ግን «አላህ ይርዳሽ» ማለት ነበረበት፤ ዞማ ፀጉር ዓይን ይማርካል እንጂ ዞር ሲሉ ይጠላለፋል።

ወይዘሮ መስኡዳ በዚህ ፀጉር ላይ ያላቸው ትዕግሥት ለሌላው ሁሉ ነገር ከነበራቸው ትዕግሥት ይበልጣል። የቀሩት ነገሮች ቶሎ ያናድዷቸው ነበር፤ እውነት ለመናገር ምላሳቸው ስል ነበር። ራህማን ግን ሐሙስ ሐሙስ በጉልበታቸው መሐል አስቀምጠው፣ የቁርቁራ ቅጠል ወቅጠው በአረፋው ያጥቧታል። በወፍራም ፎጣ ማሸት አይፈቅዱም፤ በአሮጌ ነጠላ ጫን ጫን እያደረጉ ውሃውን ይመጥጡታል። ደረቅ ፀጉር ላይ ሚዶ ያነሳ ሰው ቢያዩ ሚዶውን ከእጁ ይቀሙታል። እርጥቡን ጥቂት ዘይት አስነክተው በጣታቸው ያላቅቁታል፤ ሰፊ ጥርስ ያለውን ሚዶ የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ያውም ከጫፍ። ከቋጠሮው በላይ ያለውን ፀጉር በግራ እጃቸው ጨብጠው ይይዛሉ፣ ራሷን እንዳያማት። ጫፉ ሲፈታ ትንሽ ከፍ፣ እሱ ሲፈታ ደግሞ ትንሽ ከፍ። ከሥር የጀመረ ሰው ቋጠሮውን ሁሉ ወደ ታች ገፍቶ አንድ ላይ ያከማቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መቀስ ነው ይሉ ነበር።

በከተማው ፀጉር ቤቶች በካውያና በፒያስትራ ሲጨናነቁ እሳቸው በግቢያቸው ዛፍ ሥር በርጩማቸውን አልለቀቁም። ለአረፋም ለፋሲካም፣ ለሙሽራም ለአራስም ሠርተዋል። ደንበኛ ሲሸኙ የማይቀር ቃል ነበራቸው፦ «በአሥራ አምስት ቀን ሳትፈቺው እንዳትቀሪ፤ ከቀረሽ ወደኔ አትምጪ።» የዘገየችውንም ቢሆን እየተቆጡ ይፈቱላት ነበር። ሙስሊም ሴት ስትሞት ደግሞ አጥቦ፣ ፀጉሯን ፈትቶና አበጥሮ፣ በሱናው ሦስት ጉንጉን ሠርቶ ከኋላዋ ማኖር የእሳቸው ሥራ ነበር። ለዚህ ሥራ ሲጠሯቸው አንድም ቀን አልቀሩም።

በ2010 ዓ.ም. ለውጥ መጣ ተባለ። በሐይቅም ወጣቱ ባጃጅ ላይ ባንዲራ ሰቅሎ ሲጨፍር ዋለ። ወይዘሮ መስኡዳም በሬዲዮ የሰሙትን አምነው «እስቲ ኢንሻአላህ አሁን ልጆቻችን አገራቸው ይቀራሉ» አሉ። በዓመቱ ጥቅምት ላይ ራህማ በኮንትራት ወደ ሪያድ ሄደች። ለውጡን ጠብቃ ሰልችቷት ነበር፤ ማን ይፈርድባታል?

የወይዘሮ መስኡዳ የዕድሜ ልክ ጸጸት የሚጀምረው በዚህ ነው። ልጃቸው ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን ከጠዋት እስከ መግሪብ ተቀምጠው ያን ዞማ ፀጉር በቀጭን በቀጭኑ፣ ጥብቅ አድርገው ጎነጎኑት። ከዚያ በፊት ለማንም እንደዚያ አጥብቀው አያውቁም። እዚያ አገር ከጫፍ ጀምሮ የሚፈታላት ሰው እንደማይኖር ስላወቁ፣ ተመልሳ እስክትመጣ ይቆይላታል ብለው አሰቡ። ሱረያ የምትባለው፣ ሙያውን ከእሳቸው የተማረችው ጎረቤታቸው «እትዬ፣ አሥራ አምስት ቀን አይደል የሚሉት?» ብትላቸው «ይሄ የልጄ ነው፤ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ?» ብለው አፏን አስያዟት። በሺህ የሚቆጠር ራስ የሠራ ሰው በልጁ ራስ ላይ ተሳሳተ። ስህተቱም የሙያ ስህተት ነው፤ ሹሩባ የማይችል እናት ቢሆን ዝም ብሎ ይለቀው ነበር።

ዞማ ፀጉር ደግሞ ታስሮ አይቀመጥም። እየሾለከ ይወጣና የወጣው ካልወጣው ጋር ይያያዛል። ራህማ በሪያድ የእረፍት ቀን አልነበራትም። በሻሽ ሥር፣ በላብና በምድጃ ሙቀት፣ በስምንት ወር ውስጥ ጉንጉኑ ሁሉ አንድ ላይ ተጣብቆ እንደ ባና ሆነ። የቤቱ እመቤት «ቅማል ታመጪብኛለሽ» ብላ በወጥ ቤት መቀስ ከሥሩ ቆረጠችው። ራህማ ይህን ለማንም አልተናገረችም። በ2012 ዓ.ም. በኢሞ ምስል ሲነጋገሩ ሻሿ ሸርተት ሲል እናቷ አዩት።

«ምን ሆኖ ነው ልጄ?» አሏት።

«ያንቺ ሹሩባ ነዋ እማ! እዚህ ማን ይፈታልኛል ብለሽ ነው?» አለችና ዘጋችው።

ወይዘሮ መስኡዳ ከዚያ ቀን በኋላ ቀጭን ሹሩባ አልሠሩም፤ ደንበኛ ሲለምናቸው «እጄ ደክሟል» ይሉ ነበር። እጃቸው ግን ያኔ ገና ደህና ነበር። ራህማ ኮንትራቷ ሲያልቅ በመምጣት ፈንታ አሳደሰችው። ወር በወር ትደውላለች፤ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ይባባሉና ይዘጋል። ወይዘሮ መስኡዳ ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ በስልክ አልወጣላቸውም። ለሱረያ የነገሯት ይህን ነው፦ «ያ ፀጉር ደግሞ አድጎ፣ እጄ ገብቶ፣ አንድ ቋጠሮ ፈትቼለት ብሞት ሌላ ነገር አልፈልግም።»

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። የሐይቅ ሰው ለሐይቅ ሰው ስለዚያ ወር ማውራት አያስፈልገውም፤ ሁሉም አይቶታል፣ ሁሉም ደክሞታል። ጸሐፊው ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ኮምቦልቻ ሸሸ። እሳቸውን ትቶ ሄደ። ይህ እንዳይጻፍ የመከሩት ነበሩ፤ ግን የሆነው ይህ ነው። እየጎተተ ቢለምናቸው «ራህማ የምታውቀው ይህን በር ነው፤ ብትመጣ ማን ይከፍትላታል?» ብለው እምቢ አሉ። ስልክ ተቋርጧል፣ መብራት የለም፣ እሳቸው በር ይጠብቃሉ። የስኳር መድኃኒታቸውም በሁለተኛው ሳምንት አለቀ።

በዚያው ወር ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙለይሃ ውሃ ሊቀዱ ወጥተው በተባራሪ ጥይት ተመተው ሞቱ። አጣቢ ጠፋ። ወይዘሮ መስኡዳና ሱረያ ሬሳውን ወደ ጓዳ አስገቡ። ተኩሱ ከመንገዱ ወዲያ ነበር፤ ቀባሪ የሆኑት ሦስት ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው ቶሎ በሉ ይላሉ። ሱረያም ፈርታ «እትዬ መስኡዳ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ፀጉሩን ይተዉት፤ አላህ ያውቃል» አለች።

«አላህማ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ መስኡዳ። «በአንድ ራስ ላይ ያጠፋሁት ይበቃኛል።»

ደም የደረቀበትን ፀጉር በቁርቁራ አርሰው፣ ከጫፍ ጀምረው፣ አንዲት ፀጉር ሳይበጥሱ ፈቱት። ሦስቱን ጉንጉን ሠርተው ሲጨርሱ ሽማግሌዎቹ ከበር አልሄዱም ነበር። ሱረያ እስከ ዛሬ ስትናገር፣ የሚያስፈራው ተኩሱ ሳይሆን የእትዬ እጅ አለመቸኮሉ ነበር ትላለች።

ስልክ ሲመለስ ራህማ ደወለች። ለሁለት ወር ያህል እናቷን በሕይወት አላገኝም ብላ ደምድማ ነበር። ድምፃቸውን ስትሰማ «እማ፣ ፀጉሬ እኮ አድጓል» አለች። ወይዘሮ መስኡዳ እያለቀሱ «እንዳትጎነጉኚው፤ ልቀቂው፣ ዝም ብለሽ ልቀቂው» አሏት። በስልክ የተባለው ይኸው ነው።

ከጦርነቱ ወዲህ ስኳሩ ኩላሊታቸውን ነካው፤ ጣታቸውንም እያደነዘዘው ሄደ፤ መርፌ ቢወጋቸው አያውቁትም ነበር። በደሴ ሐኪም ቤት ተኝተው ወጥተዋል፣ ደግመውም ተኝተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ከአልጋ አልተነሡም። ትራሱ ላይ የዋለ ያደረ ፀጉራቸውም ከማጅራታቸው በላይ ተቆልፎ አንድ ጓል ሆነ። የሐይቅን ሴት ሁሉ ቋጠሮ የፈቱ ሰው! ሱረያ በጎ አስባ «እየወጋዎት ነው፣ እንቁረጠው» ብትላቸው ዓይናቸውን አፍጥጠው «መቀስ ይዘሽ እንዳትጠጊኝ፤ ልጄ ትመጣለች» አሏት።

ራህማ በመስከረም 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባች። አንዱ ጦርነት አለቀ ሲባል ሌላው ተጀምሮ ስለነበር መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። አሥራ አንድ ቀን መናኸሪያ እየተመላለሰች ከረመች። ሐይቅ ስትደርስ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ፣ ሳትቀመጥ፣ ወደ እናቷ ራስ ሄዳ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ «ዘይት አምጡልኝ» አለች።

ስድስት ቀን ፈጀባት። እናትየው ሲደክማቸው ትተዋለች፣ ሲነቁ ትቀጥላለች። በግራ እጇ ከቋጠሮው በላይ ጨብጣ ትይዛለች፤ ማንም አላስታወሳትም። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት ሲያልቅ ወይዘሮ መስኡዳ «አሁን ያንቺን» አሉ። ራህማ ሻሿን አውልቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ፀጉሩ ትከሻዋን አልፎ ነበር፤ እንደ ድሮው እየታጠፈ። እሳቸውም በደነዘዘ ጣታቸው ከጫፉ አንዲት ትንሽ ቋጠሮ አገኙ። ጣታቸው አይሰማቸውም፤ በዓይናቸው እያዩ እስከ ዐስር ሶላት ታገሏት። ስትፈታ «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ።

«አብሽሪ እማ፣ አላመመኝም» አለች ራህማ።

ወይዘሮ መስኡዳ ሀሚዱ ሐሙስ ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሱብሒ በኋላ በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም አለፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዕለቱ ከዙህር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። ልጆቻቸውን ሙነወርንና ራህማን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ያሳደጉትን የወንድማቸውን ልጅ ሰላሀዲንን፣ እንዲሁም እጃቸው ያልነካው ራስ የሌለበትን የሐይቅን ሴት ሁሉ ትተዋል። በመታመማቸው ጊዜ ያስታመሙትን፣ መንገድ ተዘግቶ እንኳ ከአምባሰል በእግራቸው የመጡትን ዘመዶች፣ ቅሬውንና ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን አላህ ድካማቸውን ይቁጠርላቸው።

ያጠበቻቸው ራህማ ናት፤ ውሃ ያቀበለቻት ሱረያ። ሱረያ እንደመሰከረችው፣ በቁርቁራው ታጥቦ ሲያበቃ ሚዶው ከአናት ተነሥቶ እስከ ጫፍ አንድ ቦታ ሳይቆም ወረደ። ራህማ ሦስቱን ጉንጉን ስትሠራ ላላ ላላ አደረገቻቸው። ሱረያ «ይፈታል እኮ፣ ጠበቅ አድርጊው» ብትላት፣ ራህማ እጇን ሳታቆም መለሰች፦

«ላላ ይበል፤ እዚያ ማን ይፈታላታል?»

ያ ረሕማን፣ የሰውን ሁሉ ራስ ሳያሳምሙ የፈቱትን ባሪያህን አንተም ሳታሳምም ተቀበላቸው። ቀብራቸውን አስፋው፣ ጀነትን ወፍቃቸው። አሚን።